አራተኛዋ ሂልዳ

«ይቅርታ የኔ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ አያቷ ለሦስተኛ ጊዜ።

«ሜይ ነኝ አባባ» አለች፤ ከአፏ አመለጣት።

አዲሱ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ የምትጠራው በሁለተኛ ስሟ ነው። ሂልዳ ስትባል የክፍሉ ልጆች የአሮጊት ስም ነው ብለው «እማማ፣ ጥርስዎን የት ጣሉት?» እያሉ ሲስቁባት፣ ቤትም ውስጥ ሂልዳ ብሎ የሚጠራትን ማኩረፍ ጀመረች። ስሙን ያወጡላት ደግሞ እኚሁ አያቷ ናቸው። በእንግሊዟ ዊትቢ ወደብ ላይ አርባ ዓመት ዓሣ ሲያጠምዱ ኖረው፣ አሁን የአረጋውያን መጦሪያው መስኮት አጠገብ ይውላሉ። ልትጠይቃቸው ከመጣች ሁለት ወር አልፏታል።

«የኔ የልጅ ልጅ ስሟ ሂልዳ ነው» አሉ ፊታቸው ፈካ ብሎ። «ዝም ብዬ አይደለም ያወጣሁላት። እዚያ ገደሉ ላይ የነበረውን ገዳም ያስተዳደረችው ሂልዳ ናት፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ይታዘዟት ነበር። እዚህ አገር መጀመሪያ የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘችው ሴት ሂልዳ ናት። ከኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ ያመጣች ዋናተኛም አለች።» አራተኛ ጣታቸውን እንደያዙ ቆዩ። «አራተኛዋ የኔዋ ናት። ግን መምጣት ተወች።»

«ለምን?»

«ስሙ ያሳፍረኛል ብላ ለእናቷ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ኩሽና ውስጥ ነበሩ።»

ሂልዳ ያን ቀን ታስታውሰዋለች። ያኔ አያቷ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር፤ ሳሎን ሆነው ቴሌቪዥን የሚያዩ መስሏት ነበር።

«አባባ፣ እኔ እኮ ነኝ ሂልዳ።»

ትክ ብለው አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በሽማግሌ አይቀለድም። እሷ ገና ይህን ነው የምታክለው።» እጃቸውን ከወንበሩ መደገፊያ ትንሽ ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

ልታስረዳቸው አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። አያቷ ኪሳቸውን ዳብሰው መሀረብ አወጡና፣ ለማያውቁት ሰው እንደሚሰጡ ሁሉ፣ በትህትና ዘረጉላት።

«ምናልባት ካገኘሻት ንገሪያት» አሉ። «በፈለገችው ስም ትጠራ። ብቻ ትምጣ።»

«እነግራታለሁ።»

እናቷ ከነርሷ ጋር የነበራትን ወሬ ጨርሳ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ሜይ፣ እንሂድ? ጓደኛሽ ጆርጂና ደውላ ነበር፤ ወደቡ ጋ ዓሣና ድንች ገዝታ እየጠበቀችሽ ነው።»

«አንቺ ሂጂ እማዬ። እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ።»

ካፖርቷን አወለቀች። ወንበሯን ጎትታ፣ ጉልበቷ ጉልበታቸውን እስኪነካ ድረስ ተጠጋቻቸው።

«እስቲ ስለሷ ይንገሩኝ አባባ» አለች። «ምን ዓይነት ልጅ ናት?»