አንድ ሮባዳ መሬት

በሮንካል ሸለቆ የሽማግሌው የቤናንሲዮ ቤት የታፈረ ቤት ነበር። ታዲያ ልጁ ግራሲያና እሱ የመረጠላትን ባለመንጋ ትታ፣ ግንድ በወንዝ የሚያንሳፍፍ ደሃ ብታገባ ቂም ያዘባት። ወንድሟ ፋውስቶ ሲዳር፣ ቤቱን ከነእርሻው ለእሱ ለማውረስ ውል አዋዋይ ፊት ቀረቡ፤ እሷንም ጠሯት። ባሏን የወንዙ ብርድ ሳንባውን በልቶት አልጋ ላይ ጥሎታል። አባቴ አንዲት ላም እንኳ አይነፍገኝም ብላ ሄደች።

«ለግራሲያና» ሲል አነበበ ውል አዋዋዩ፣ «ሕጋዊ ድርሻዋ አምስት ፌብሌ ሳንቲምና ከወል ተራራው አንድ ሮባዳ መሬት።»

«የቱ ጋ ነው መሬቱ?» አለች።

ፋውስቶ ሳቀ። «የትም የለም፣ ልጄ» አላት ውል አዋዋዩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ከውርስ ለተነቀለ ልጅ የሚባል የጥንት ቃል ነው። ሮባዳ ከዓረቦቹ ‹ሩብ› የመጣ ነው፤ አንድ ሩብ እህል የሚዘራበት መሬት ማለት። ፌብሌ ደግሞ ከላቲን ነው፤ ‹የሚለቀስለት› እንደማለት።»

«እኔ አላለቅስለትም» አለች አባቷን ዓይን ዓይኑን እያየች። «አንተ ግን ታለቅስበታለህ።»

ባሏ በዚያው ክረምት ሞተ። የሰው ልብስ እያጠበች፣ አባቷ ደጇ ላይ ቆሞ ሲለምናት የምታይበትን ቀን ብቻ እየጠበቀች ኖረች። ቀኑም መጣ! ፋውስቶና ሚስቱ ቤቱ እጃቸው ከገባ ወዲያ ሽማግሌውን ከምድጃው አራቁት፣ ቀጥሎ ከማዕዱ... በመጨረሻም ከቤቱ። በረዶ በሚጥልበት ጠዋት በትሩን ተመርኩዞ ደጃፏ ቆመ።

«ልጄ፣ መጠጊያ አጣሁ።»

«መሬት አለኝ» አለችው። «አባቴ የሰጠኝ፣ ተራራው ላይ። መርቄልሃለሁ፤ ሂድና እደርበት።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰብ አደረገና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። በሩን ዘጋችበት፤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከቀትር በኋላ ግን የቆረሰችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች። ምን ቢበድላት አባቷ አይደለም? ሻሏን ደርባ ዱካውን ተከተለች።

ከጥድ ጫካው በላይ ሜዳው ላይ አገኘችው፤ በድን ሆኗል። ከበረዶው ሥር ድንጋይ እየፈለቀቀ በአንድ ቁራሽ መሬት ሦስት ማዕዘኖች ላይ የወሰን ክምር ሠርቷል፤ የአራተኛውን ማዕዘን ድንጋይ እንዳቀፈ ተቀምጧል። ጣቶቹ ደምተዋል። ሊያድርበት አልነበረም የወጣው፤ በስም ብቻ የሰጣትን መሬት በእጁ ሊከልልላት ነበር።

«አባባ» አለችው ድንጋዩን ከእቅፉ ለማላቀቅ እየታገለች፣ «ይበቃል... ተወው፣ ቤት እንግባ።»

የሸለቆው ሰው ዕጣዋ ነው እያለ አጽናናት። ምን ዕጣ አለ? በሩን የዘጋችው በገዛ እጇ ነው፤ እሷም ይህን በማንም ፊት አልካደችም።