የጋሪው ቀይ መብራት

ቬርና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ አሜሪካ፣ ኦሃዮ በሚባል ግዛት ውስጥ፣ ከበቆሎ ማሳ ዳር ነው። የቬርና ቤተሰቦች በእምነታቸው ምክንያት መኪና አይነዱም፤ የሚሄዱት በፈረስ ጋሪ ነው።

የጋሪው የኋላ መብራት በባትሪ ይሠራል። ድሮ ባትሪው ሲያልቅ ይጣል ነበር። አንድ ቀን አባቷ ከጎተራው ጀርባ የተከመረውን የዛገ ባትሪ አየ።

“እግዚአብሔር የሰጠንን መሬት ቆሻሻ መጣያ አደረግነው እኮ!” አለ።

ከዚያ በኋላ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ገዛ። ቻርጀሩንም ጣሪያው ላይ ካለው ሶላር ጋር አገናኘው።

“ቻርጅ ማድረጉ የአንቺ ሥራ ነው” አላት ቬርናን።

ቬርና ኮራች። እናንተስ ብትሆኑ አትኮሩም?

ቅዳሜ ዕለት ቬርናና ታናሽ ወንድሟ ማኒ በድርቆሽ ክምር ውስጥ ዋሻ ሠሩ። ዋሻው ጨለማ ነው። የእጅ መብራቷ ደግሞ ባትሪ ጨርሷል። ቻርጀሩ የሚይዘው አንድ ባትሪ ብቻ ነው። ቬርና የጋሪውን ነቅላ የራሷን ሰካች።

“ለትንሽ ጊዜ ነው” አለች በልቧ። ከዚያ የጋሪውን መልሳ መሰካት ረሳች።

እሁድ ጠዋት አባቷ ባትሪውን ጋሪው ላይ ገጥሞ፣ ፈረሱን ከጋሪው ጋር እያሰረ፣ “ባትሪው ሞልቷል?” አላት።

ቬርና ክው አለች። “አዎ፣ አባዬ።”

የዚያ እሁድ የጸሎት ስብሰባ አጎቷ ቤት ነበር። ሲመለሱ አመሻሽ ላይ ጭጋግ ወረደ። ቬርናና ማኒ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ተቀምጠዋል። ቀዩ መብራት ቀስ በቀስ ደበዘዘ። አባቷ ወደ ፊት እያየ ስለሚነዳ አላወቀም።

“እጄን ለምን ትጨምቂኛለሽ?” አለ ማኒ።

“ዝም በል!”

“ፈሪ! ፈረሱ እንኳ አልፈራም።”

መብራቱ ጠፋ። ከሩቅ የከባድ መኪና ድምፅ ተሰማ። ብትናገር አባቷ መዋሸቷን ያውቃል። ዝም ብትልስ? ማኒን አየችው። ድምፁ እየቀረበ ነው።

“አባዬ፣ ከመንገዱ ውጣ! መብራቱ ጠፍቷል! ባትሪውን ነቅዬው ነበር፤ ዋሽቼህ ነው!”

አባቷ ልጓሙን ሳበ። ጋሪው ከአስፋልቱ ወርዶ ሳሩ ላይ ተንገጫገጨ። መኪናው እያጓራ አጠገባቸው አለፈ። ነፋሱ የማኒን ባርኔጣ ይዞት ሄደ።

አባቷ ዞሮ ሁለቱንም በእጁ እየዳሰሰ፣ “ደህና ናችሁ? ደህና ናችሁ?” አለ ደጋግሞ። አባቷ ሲፈራ አይታ አታውቅም ነበር። ከመኪናው ይበልጥ ያስፈራት ይህ ነው።

“ይቅር በለኝ፣ አባዬ” አለች እያለቀሰች።

“ጠዋት ብትነግሪኝ ኖሮ ፋኖስ እሰቅል ነበር” አለ በዝግታ። ከዚያ እንባዋን በእጁ ጠረገላት። “ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ። ነይ፣ ውረጂ፤ ያለ መብራት መንገዱ ላይ አንመለስም።”

ፈረሱን እየሳቡ በማሳው ዳር በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። ቬርና መንገዱን ሁሉ የአባቷን እጅ አልለቀቀችም።

ልጆች፣ የተሰጣችሁን ሥራ በታማኝነት ሥሩ፤ ካጠፋችሁም ብትፈሩም እንኳ ሳትዘገዩ እውነቱን ተናገሩ።