የጉልበት ትራስ

ልጅቷ ጠፍሩን ከመዘውሩ ላይ ስትመነጭቀው ጣቷን ላጣት። ግድ አልሰጣትም። የእናቷ የስፌት ማሽን በእግር የሚረገጥ ነው፤ ያለዚች ቀጭን የቆዳ ጠፍር ቢረግጡት ቢረግጡት መርፌው ንቅንቅ አይልም። ጠቅልላ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከሒሳብ መጽሐፏ ሥር ወሸቀችው።

«እስቲ አሁን ስፊ!» አለች ለባዶው ክፍል።

ከማሽኑ አጠገብ ትንንሽ ትራሶች ተቆልለዋል። ባየቻቸው ቁጥር ደሟ ይፈላል። ለምን አይፈላ? ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣችው ራሷ ልጅቷ ናት።

እናቷ ከዓመት ወዲህ ደረጃ የምትወጣው የመደገፊያውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ፣ በጎኗ ዞራ ነው። ጠዋት ጠዋት የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ከመድረቃቸው የተነሳ ብርጭቆ አጥብቃ መያዝ ያቅታታል። «ዕድሜ ነዋ! ሃምሳ ልደፍን እኮ ነው፤ ቀልድ መሰለሽ?» ትላለች። የስፖርት መምህርቷ መገጣጠሚያ ለሚያማቸው እናቶች ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ቀለል ያለ ዮጋ እንደምታሠራ ስትሰማ፣ ልጅቷ ሄዳ ደጅ ጠናች። ቦታ የለም ተባለች፤ እንደገና ሄደች። በመጨረሻ መምህርቷ «አንቺ ልጅ መዥገር ነሽ!» ብላ እየሳቀች እናቷን መዘገበቻት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እናቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን ስታዞር፣ እጇን ከትንፋሿ ጋር ቀስ እያለች ስታነሳና ስታወርድ አረፈደች። የዚያን ዕለት ከላይኛው መደርደሪያ ድስት ራሷ አወረደች። ልጅቷን ደስታ አላስቀምጥ አላት።

ከዚያ መምህርቷ አንድ ነገር ተናገረች፤ «ስትንበረከኩ ከጉልበታችሁ በታች ለስለስ ያለ ነገር አድርጉ» አለች። የታጠፈ ብርድ ልብስ ማለቷ ነበር። ግን ልብስ ሰፊ ፊት እንዲህ ይባላል? እናቷ «ትራስ እኔ እሰፋላችኋለሁ» ብላ ዘላ ገባችበት። አንዷ ለእኔም፣ ሌላዋ ለእኔም አለች። አንዷማ ከመጋረጃዬ ጋር ይሂድልኝ ብላ ጨርቅ ላከች። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሌሎቹ አዳራሽ ውስጥ ጉልበታቸውን ሲያፍታቱ፣ እሷ በታመመ ጉልበቷ ለእነሱ ትራስ ብላ ማሽን ስትረግጥ ትውላለች። ይኼ እብደት ካልሆነ ምን እብደት አለ?

እናቷ ክር ገዝታ ተመለሰች። ማሽኑ ጋ ተቀመጠች፤ እግሯን መርገጫው ላይ አሳረፈችና መዘውሩን አየት አደረገችው።

«ጠፍሩስ?»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው።»

«አምጪው።»

«አላመጣም!»

«አንቺ! እኩያሽ ነኝ እንዴ? ቃል ገብቻለሁ እኮ። በምን ዓይኔ ነው ሰው የማየው?»

«ጉልበትሽ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ስለ ሰው ታወሪያለሽ? ለምኜ ያስገባሁሽ እንድትሠሪ ነው እንጂ እንድትሰፊላቸው ነው? ኧረ እማ፣ አይገባሽም እንዴ?» ድምጿ ተሰበረ፤ በመሰበሩ ይባስ ተናደደች።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪዋ ናት፤ እሷም ዮጋውን ትሠራለች። ሰፈሩ «ራዲዮ» ይላታል፤ ጠዋት የሰማችውን እስከ ምሳ ድረስ ያልሰማ አይኖርም።

«አለቀልኝ የኔ እመቤት? ደግሞ ለእህቴ አንድ ጨምሪልኝ፤ አደራ!»

እናቷ ልጇን አየቻት። ዓይኗ «እንዳትናገሪ» ይላል። ልጅቷ ምክንያቱን ታውቃለች። እናቷ እዚያ አዳራሽ የገባችው «እኔ እንኳ ደህና ነኝ፤ ልጄ ጨቅጭቃኝ ነው» ብላ ነው። ሰፊዋ ጉልበቷ ከዳት ከተባለ ደንበኛ ይሸሸኛል ብላ ትፈራለች። ራዲዮ ፊት የተነገረ ደግሞ አይመለስም።

«ማሽኑ ተበላሽቶብኝ ነው» አለች እናቷ ፈጠን ብላ።

ልጅቷ ዝም ብትል ያልፍ ነበር። ማሽኑ ነገ ተሠራ ይባላል፤ ከነገ ወዲያ ለእህትየዋም ይሰፋል።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለች። «የተበላሸው የእናቴ ጉልበት ነው። ስታቃስት ነው የምታድረው። ይቅርታ እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ትራስ የለም።»

ራዲዮ ጎንበስ ብላ የሰፊዋን ጉልበት አየች።

«እኛ እኮ ስትቀሪ ጊዜ ደህና ብትሆን ነው ብለን…» አለች። «ምነው ሳትነግሪን? እኔ ራሴ ከመቀስ ብዛት አውራ ጣቴ አልታጠፍ ብሎኛል። እኛን ነው የምትደብቂን?» ትራሷን ሳትጠይቅ ወጣች።

በሩ እንደተዘጋ «አዋረድሽኝ» አለች እናቷ።

ልጅቷ ከአንገት በላይ ይቅርታ ማለት አልፈለገችም፤ ከአንጀቷ ደግሞ አልመጣላትም። ገና እንደተናደደች ነው።

እናቷ ከቁልሉ ላይ አንድ ትራስ አንስታ ከጀርባዋ አደረገች፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ማሸት ጀመረች። ልጇ እያየቻት፣ ሳትደብቅ።

«ቅዳሜ በስንት ሰዓት ነበር?» አለች ቀና ሳትል።

«በሦስት።»

«እሺ። የባለመጋረጃዋን ብቻ ጨርሼላት እሄዳለሁ። አንድ እኮ ናት። በይ ጠፍሩን አምጪ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን ከፈተች። እናቷ እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች አብጠው ቀልተዋል። ልጅቷ የሒሳብ መጽሐፏን አወጣችና ዚፑን መልሳ ዘጋችው። ቦርሳውን እግሯ ሥር አድርጋ የቤት ሥራዋን ገለጠች።

«ከቅዳሜ በኋላ» አለች።