ባለ ሞላው መንጠቆ የያዘው

ሬሳው ከጉብታው ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ቀኝ እጅጌው ላይ አንዲት ባለ ሞላ መንጠቆ ሁለት ጥርሷን ሰክታለች፤ ክሯ ውሃ ዳር ከቆመው ዛፍ ግንድ ጋር ታስሯል። ከጆሮው በላይ ሰፊ ቁስል አለ። ሟቹ አቶ ካቡኩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ፣ በዕድሜያቸው የውሸት ወረቀት ፈርመው የማያውቁ ሰው።

ወደዚህ ያመጣቸው ሙሎንዳ ነው። ይህ ሙሎንዳ ከሉሳካ መጥቶ «በረሃብ ቀን ራስን ማትረፍ» የሚያስተምር፣ ኪሱ የበዛ ሱሪ የሚለብስ፣ ዓሣ ከጣሳ ሲወጣ እንጂ ከውሃ ሲወጣ እምብዛም ያላየ ሰው ነው። የሚሸጣት መንጠቆ ዓሣ ገና ሲነካት ሞላዋ ተፈናጥሮ ራሷ ትይዛለች፤ ባለቤቷ ተኝቶ ይበላል ይላል። ይህን ለማረጋገጥ የዛምቤዚ ጎርፍ በሚሸሽበት ወቅት አራት ሆነው አምስት ቀን በውሃ በተከበበው ጉብታ ላይ ሊሰነብቱ መጡ፦ እሱ፣ ፎቶ አንሺዋ የአጎቱ ልጅ ናማንጎልዋ፣ ሽማግሌው ታንኳ ቀዛፊ ሊካንዶ፣ እና ምስክር ሆነው የሚፈርሙት አቶ ካቡኩ። በአምስተኛው ቀን ንጋት ሊካንዶ ሬሳውን አይተው ፖሊስ ለመጥራት ቀዝፈው ተመለሱ።

ኢንስፔክተር ናሲሌሌ ከሞንጉ ከተማ ስትደርስ ሊካንዶና ናማንጎልዋ በአገሩ የሰላምታ ወግ ቁጢጥ ብለው በለሆሳስ አጨበጨቡላት። ሙሎንዳ ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ አንገቱን ነቀነቀ።

«ጥጋበኛ ከተሜ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ናሲሌሌ ሃምሳ ያለፋት፣ አጭር፣ ለሰው ሞኝነት ትዕግሥት የሌላት ሴት ናት። ሬሳውን ነካችው፤ እንደ እንጨት ደርቋል።

«መንጠቆዋን ማን አሰራት?»

«ሽማግሌው ነዋ» አለ ሙሎንዳ። «አንድ ሰጥቻቸው ነበር። ትናንት ቀትር ላይ ሲያስሯት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከውሃው ሁለት ጣት ከፍ አድርገው። ለማንም ሳይናገሩ! ካቡኩ አመሻሽ ላይ ሊታጠቡ ወርደው እጅጌያቸውን ሳትይዛቸው አልቀረችም። ደንግጠው ወደቁ፣ የዛፉ ሥር ላይ። በቸልተኝነት ሰው መግደል ስንት ዓመት ያስቀጣል?»

ሊካንዶ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ። ሰባ ዓመት ውሃ ላይ የኖረ ሰው እስር ቤት ከገባ በሕይወት እንደማይወጣ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ሙሎንዳም ያውቃል፤ ግን ድሃ ሽማግሌ ለእሱ ምኑ ነው።

«እውነት ነው ጋሼ ሊካንዶ?»

«ያችን መጫወቻ ሞክሬ ዕለቱን መልሼለታለሁ። ደግሞ ልጄ፣ በሚሸሽ ውሃ ላይ መንጠቆ ከግንድ ጋር የሚያስር ምን ዓይነት ሰው ነው? ማታ ያሰርሽው ጠዋት አየር ላይ ተንጠልጥሎ ወፍ ይይዝልሻል። የእኔ መንጠቆዎች እነዚያውልሽ።» መንጠቆ ያንጠለጠሉ፣ ውሃው ላይ የሚንሳፈፉ ሦስት የደንገል እስሮች አሳዩዋት። «ውሃው ሲወርድ አብረው ይወርዳሉ። ግንዱን የምነካው ጀንበር ስትጠልቅ ውሃው የደረሰበትን በካራ ልጭር ብቻ ነው። ጎርፉ ወዳስለቀቀን ሰፈራችን የምንመለስበትን ቀን የምናውቀው በዚያ ነው።»

ናሲሌሌ ግንዱ አጠገብ ተቀመጠች። አራት ጭረቶች አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረዋል። በጣቷ ለካች፤ ቋጠሮውንም አየች። ከዚያ ናማንጎልዋን ለብቻዋ ጠራቻት።

«መንጠቆዋ ስንት ዓሣ ያዘች?»

«አንድም። ያበሉን ጋሼ ሊካንዶ ናቸው። ሙሎንዳ ደግሞ በድብቅ ሰርዲን ይበላ ነበር። ትናንት አቶ ካቡኩ ጣሳውን ከመኝታው ሥር አገኙት። ‹ይህንንም እጽፈዋለሁ› ብለው ሳቁበት። እኔም ሳቅሁ።»

«እሱስ?»

«እሱ አልሳቀም።»

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ግንዱ ሥር ሰበሰበች።

«አቶ ካቡኩ የሞቱት ትናንት ማታ ነው፤ ሬሳቸው ይናገራል። አሁን ጭረቶቹን እዩ። የመጨረሻው ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ የተጫረ ነው። የመንጠቆዋ ቋጠሮ ከእሱ ሦስት ጣት ዝቅ ይላል። ትናንት ቀትር ይህ ቦታ ውሃ ውስጥ ነበር። አቶ ሙሎንዳ ግን ከውሃው በላይ ሲታሰር በዓይንዎ አይተዋል።»

«የሽማግሌ ጭረት ማስረጃ ሆነ እንዴ?»

«ስለናቁት አላዩትም። ቋጠሮው የታሰረው ሌሊቱን ውሃው ከወረደ በኋላ፣ ንጋት ላይ ነው። መንጠቆዋም የተሰካችው ሬሳ ላይ ነው። ይህን የሚያደርግ ግድያውን አደጋ ሊያስመስል የፈለገ ሰው ነው። ጋሼ ሊካንዶ በሚሸሽ ውሃ ከግንድ ጋር አያስሩም፤ ቢያስሩ ደግሞ በገዛ ጭረታቸው ሥር አስረው ራሳቸውን አያጋልጡም። ሁለት ሰው ቀረ።»

ናማንጎልዋ የአጎቷን ልጅ አየችው።

«ስመጣ ናማንጎልዋ በሁለት እጇ አጨበጨበች። እርስዎ እጅዎን ከኪስ አላወጡም። ጥጋብ ነው ብለን አለፍን። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ፖሊስ ፊት ከሁሉ አስበልጦ ያጨበጭባል፤ የእርስዎን ዓይነት አውቃለሁ። እጅህን አውጣ።»

ሙሎንዳ አመነታ፤ ፖሊሱ ጠጋ ሲለው አወጣ። አውራ ጣቱ አብጧል፤ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ።

«ስንጥር ወግቶኝ ነው።»

«ሁለት ስንጥር፣ በልክ ተራርቀው?» ፖሊሱ የመንጠቆዋን ጥርሶች አስጠጋ፤ ገጠሙ። «ሬሳው ላይ ስትሰካት ሞላዋ አመለጠህ። የራስህን ዕቃ እንኳ መያዝ አታውቅም» አለች ናሲሌሌ።

ሙሎንዳ እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ።

«ሳቀብኝ» አለ። «ሰርዲን ብሎ ሊጽፍ ነበር። አገር ሊስቅብኝ ነበር። በመቅዘፊያ አንድ ጊዜ ነው የመታሁት።»

እንግዲህ ደጉ ካቡኩ የሞቱት ለአንድ ጣሳ ሰርዲን ነው፤ ሽማግሌው እስር ቤት ሊሞቱ የነበረውም ለዚያው ጣሳ። ይህን ሰው መጥላት ራሱ ለእሱ ይበዛበታል።

ካቴናው እጁ ላይ ሲገባ ናሲሌሌ ከሟቹ ደረት ኪስ የምስክርነቱን ወረቀት አወጣች። ረጥቧል፣ ይነበባል። «መንጠቆዋ የያዘችው ብዛት» ከሚለው ጎን ካቡኩ በጥንቃቄ «ምንም» ብለው ጽፈዋል። ጮክ ብላ አነበበችው።

ሊካንዶ ሬሳው ፊት ቁጢጥ ብለው ቀስ ብለው አጨበጨቡ፤ ከዚያ ተነሥተው ሙሎንዳን አዩት።

«ነፍሳቸውን ይማር፣ እዚህ ላይ ተሳስተዋል» አሉ። «አንድ ይዛለች።» ታንኳውንም ሊፈቱ ወረዱ።