የቤጎኒያዎቹን ውሃ ማን ደፋ?

ያ-ፒንግ የገበያ ዘንቢሏን እንዳንጠለጠለች ወደ ኋላ በረንዳ ብቅ ስትል፣ አማቷን አባባ ኮን በሲሚንቶው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሥር ሞተው አገኘቻቸው። ጭንቅላታቸው ከገንዳው ጠርዝ ጋር ተላትሞ ደም ፈሷል። በላያቸው፣ በረንዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ በከለለው የብረት ፍርግርግ ላይ፣ አሥራ አንዱ የቤጎኒያ አበባዎቻቸው ሰም የተቀቡ የሚመስሉ ቅጠሎቻቸውን ዘርግተው ምንም እንዳልተፈጠረ ፈክተዋል። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

በሁለት ሰዓት የሰፈሩ ፖሊስ መጣ። በሁለት ሰዓት ተኩል ያ-ፒንግ በሰውየው ዓይን ገዳይ ሆና ነበር።

ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ አበረ። ማታ ከሽማግሌው ጋር ስትጨቃጨቅ፣ «ከዚህ የብረት ሳጥን ወይ እኔ ወይ እርስዎ ሬሳ ሆነን እንወጣለን» ያለችውን ጎረቤት ሁሉ በፍርግርጉ በኩል ሰምቷል። አልጋዋ ሥር የተዘጋጀ ሻንጣ፣ በሻንጣው ውስጥም የዚያኑ ቀን የባቡር ትኬት ተገኘ። ባሏ ሲሞት «አባቴን አደራ» ስላላት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከገበያ በቀር የትም ሳትሄድ አባቱን ጦራለች። አሁን ግን አንገሽግሿት፣ የመጣው ይምጣ ብላ፣ ሁዋሊየን ከተማ ወዳለችው እህቷ ልትሄድ ቆርጣ ነበር።

የባሰው ደግሞ የአበባዎቹ ነገር ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስትወጣ አባባ ኮ ቤጎኒያዎቹን ሲያጠጡ እንደተወቻቸው ለፖሊሱ ነግራዋለች። ፖሊሱ ከአበባ ማሰሮዎቹ ሥር ያሉትን ሳህኖች አየ፤ ባዶ ናቸው። አፈሩን በጣቱ ነካ፤ ደረቅ ነው።

«ዛሬ አበባ የሚባል ውሃ አልጠጣም» አላት። «ሽማግሌው የወደቁት ከማጠጣታቸው በፊት ነው። ያኔ ደግሞ ቤት ውስጥ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ከዚህ እንዳትንቀሳቀሺ።»

ያ-ፒንግ በዓይኗ ያየችውን ታውቃለች። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣ የፍርግርጉን ብረቶች ትቆጥር ጀመር።

መርማሪ ፋንግ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። አጠር ያለች፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት፤ አንድ ጉልበቷን ይዛ እያለከለከች ገባች።

«ሊፍት በሌለበት ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚሞት ሰው ለፖሊስ አያዝንም» አለች። ያ-ፒንግ ልትስቅ ምንም አልቀራትም።

ወዲያው ጣሪያው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ፋንግ ቀና አለች።

«የላይኛዋ ጎረቤታችን የእትዬ ፃይ ባለቤት ናቸው» አለች ያ-ፒንግ። «ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም። ሚስታቸውን ሲፈልጉ ወለሉን በዱላ ይመታሉ።»

«ወደ ታች ከወረዱ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«አምስት ዓመት።»

ፋንግ ጉልበቷን አሸች። ከዚያ ያ-ፒንግን ወደ በረንዳው ወስዳ፣ ሽማግሌው አበባዎቹን እንዴት እንደሚያጠጡ ጠየቀቻት።

«እኔን ጫፋቸውንም አያስነኩኝም። ከላይ ካፈሰሱበት ግንዱ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም አመድ የመሰለ ሻጋታ ያወጣል ይላሉ። ውሃውን ሳህኑ ላይ አድርገው አፈሩ ከሥር እንዲጠጣ ይተውታል። አፈሩ ከላይ እስኪጠቁር ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። የተረፈውን የሚደፉት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ቸኩለው የደፉበት ቀን የለም?»

«አባባ? እነዚህን የተከሏቸው እኮ ሟች ሚስታቸው ናቸው። የሚቸኩሉት በሰው ላይ ነው፤ በአበባ ላይ አይቸኩሉም።»

ፋንግ አንዱን ማሰሮ አንስታ ትንሿን ጣቷን በታችኛው ቀዳዳ ሰደደች። ጣቷ ጭቃ ይዞ ወጣ። አሥራ አንዱንም እንዲሁ አየች፣ ጣቷንም በመሀረብ ጠረገች።

የሟቹ ሁለተኛ ልጅ ቦ-ዌን ከከተማው ማዶ ደርሶ፣ ገና ከበሩ «አባቴን በላችው» ማለት ጀመረ። አንድ ድርጅት አሮጌውን ሕንጻ አፍርሶ ሊፍት ያለው አዲስ ሊሠራላቸው ነው፤ ነዋሪው ሁሉ ሲፈርም አባባ ኮ ብቻ እምቢ ብለዋል። አዲሱ ሕንጻ የብረት ፍርግርግ አይፈቅድም፤ ታዲያ የሚስቴ አበባዎች የት ሊቀመጡ ነው ይሉ ነበር። ያለ እሳቸው ፊርማ ደግሞ አንድ ጡብ አይነቀልም። ቦ-ዌን ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ ዘረገፈው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ግን ከሚስቴ ጋር ተኝቼ ነበር አለ።

ከላይ ቤት እትዬ ፃይ የሩዝ አጥሚት ይዘው ወረዱ። የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ናቸው። ባለፈው ዓመት ደንጊ ትኩሳት ሰፈሩን ካመሰው ወዲህ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ትንኝ የሚራባበትን የቆመ ውሃ ሁሉ የሚደፉት እሳቸው ናቸው።

«ቅመሺ ልጄ፣ ሆድሽ ባዶ ነው» ብለው የያ-ፒንግን ትከሻ አሻሹ። ንጋት ላይ የት ነበሩ ሲባሉ፣ ባለቤቴን ሳጥብ ነበር አሉ። ያ-ፒንግ በዚያ ቀን የሚያምናት ሰው በማግኘቷ አለቀሰች።

ፋንግ አጥሚቱን እያየች «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» ብላ አጉተመተመች። ያ-ፒንግ አልገባትም።

አራት ሰዓት ላይ፣ ሐኪም አስከሬኑን መርምሮ ካስነሳው በኋላ፣ ፋንግ ሁሉንም ወደ በረንዳው ጠራች። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሦስቱም በፍርግርጉና በገንዳው መካከል ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። ፖሊሱ በሩን ዘግቶ ቆመ። ከማሰሮዎቹ ሥር ያሉት ሳህኖች አሁን በውሃ ተሞልተዋል፤ ያ-ፒንግ ፋንግ ራሷ ስትሞላቸው ከወጥ ቤት ሰምታ ነበር።

ፋንግ ስለ ሙቀቱ አወራች። ስለ ጉልበቷ አወራች። ቦ-ዌን ሲጋራ ለኩሶ አመዱን አንደኛው ሳህን ውስጥ አራገፈ። ያ-ፒንግ እንደለመደችው እጆቿን አጣምራ ከማሰሮዎቹ ራቅ አለች። እትዬ ፃይ ራሳቸውን በሐዘን እየነቀነቁ አንዱን ማሰሮ አነሱ፣ ሳህኑን ገንዳው ውስጥ ደፉ፣ መለሱት። ሁለተኛውን ደፉ። ሦስተኛውን ደፉ። ያ-ፒንግ ይህን ሺህ ጊዜ ስላየችው ምንም አልመሰላትም።

አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ፋንግ ወሬዋን አቋረጠች።

«እትዬ ፃይ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ሴትየዋ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት። «ውሃ ነው... ትንኝ ይራባበታል።»

«ያ-ፒንግ አልዋሸችም» አለች ፋንግ ወደ ፖሊሱ ዞራ። «አፈሩ ከላይ ደረቅ ነው፣ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው አጠጥተዋል፤ ውሃው ወደ ላይ ሳይደርስ ግን አንድ ሰው ደፍቶታል። እሳቸው አፈሩ ሳይጠቁር አይደፉም። ምራታቸው አበባዎቹን አትነካም። ልጃቸው ሳህን አይቶ መተርኮሻ ይመስለዋል። በሩ ሲሳብ በራሱ ይቆለፋልና ቁልፍ አያስፈልግም፤ ሽማግሌው የሚከፍቱለት ሰው ይበቃል። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል፤ እኔም አመሉን ጠበቅኩ።»

እትዬ ፃይ ማሰሮውን እንደታቀፉ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ልለምነው ነው የመጣሁት» አሉ። «ባለቤቴ አምስት ዓመት ሙሉ ሰማይ የሚያየው በፍርግርግ ነው። አንዲት ፊርማ ብቻ አልኩት። ‹አዝለሽ አውርጂዋ› ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

«ሐኪሙ አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ ይላል። ሰው ቢጠሩላቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር።»

«ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። ከሞተ ልጁ ይፈርማል ብዬ አሰብኩ።»

«ያ-ፒንግስ?»

እትዬ ፃይ ወደ ያ-ፒንግ አላዩም። «እሷ እንደሁ እዚህም ታስራ ነው የኖረችው። እስር ቤት ምን ይጨምርባታል ብዬ...»

ያ-ፒንግ ማሰሮውን ከእቅፋቸው ወስዳ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ሴትየዋን ሲወስዷቸው የበሩ ደፍ ላይ ቆም አሉ። «ባለቤቴ ቢጠይቅሽ፣ ውሃ ልታይ ወጥታለች በይልኝ» አሏት። ፋንግ ጉልበቷን ይዛ ተከተለች፤ ደረጃው ላይ ዘወር ብላም «ሻንጣሽን ያዢ፣ ባቡሩ አያመልጥሽም» አለቻት።

ያ-ፒንግ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። በሩን ሳበችው፤ በራሱ ተቆለፈ። ከስድስት ዓመት በኋላ ደረጃው ወደ ታች ክፍት ነበር።

ከላይ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ቆመች። እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ሻንጣዋን ደረጃው ላይ አስቀምጣ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች፤ ገርበብ ያለውን በር ገፋችው። የእትዬ ፃይ ባለቤት አልጋቸው ላይ ሆነው በሩን ሲያዩ ነበር።

«እሷስ?» አሉ።

«ውሃ ልታይ ወጥታለች።»

«ትቆያለች?»

ያ-ፒንግ የውሃ ብርጭቆ ሞልታ ወደ አፋቸው አስጠጋችላቸው፤ ጠጥተው እስኪጨርሱም ሳትቸኩል ጠበቀች።