ያልተነበቡት የጁዋይሪያ ጣቶች

«አሁን ይህቺን ልጅ ይወስዱብን ይሆን?»

መሪማ ከንጋት ጀምራ ራሷን የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ መልሱ ግን ከየት ይምጣ? ዓኽርያ ሰፈር ባለው ግቢያቸው፣ ከጓሮ ባለችው የኪራይ ክፍል፣ ሽማግሌው ተስፋሚካኤል ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኝተዋል። ነጻነት ከታወጀ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ጡረታ የወጡ አሻራ አንሺ ነበሩ፤ የአሻራ ቢሮው ሰው ሲበዛበት አሁንም ወደ እሳቸው ይልክ ነበር።

የመሪማ ልጅ ጁዋይሪያ ወላጆቿ የሞቱባትን የአምስት ዓመቷን ኢኽላስን ልታሳድግ አመልክታለች። «ወንጀል እንደሌለብሽ በአሻራ ይጣራ» ተባለች። ጁዋይሪያ ደግሞ የሆቴል አንሶላ አጣቢ ናት፤ በረኪና ጣቷን በልቶታል። ሦስት ጊዜ ቀለም ነክታ ሦስቴም ወረቀቱ ላይ የወጣው ጥቁር ጭቅቅት ብቻ ነበር። ቀጠሮው የዛሬው ሐሙስ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ካለፈ ልጅቱ ወደ ማሳደጊያ ትሄዳለች።

መርማሪዋ ኣብርሄት የታጋይ ላስቲክ ጫማዋን እንዳደረገች ክፍሉን ዞራ አየች። ከሰሉ አመድ ሆኗል። መስኮቱ ተቀርቅሯል።

«በከሰል ታፍነው ነው» አለች። «ግን መስኮቱን ማን ዘጋው?»

«ራሳቸው ይሆናሉ» አለ ኢንድሪስ፣ የጁዋይሪያ ባል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ቀለሙ በብርድ እንዳይጓጉል ከሰል ምድጃው፣ ፈርኔሎው ዳር የሚያሞቁ ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከሰል ሲያነዱ መስኮት ዘግተው አያውቁም አሉ። አንተ ግን ትናንት ተጣልተሃቸዋል።»

«እወ፣ ተጣልቻለሁ! ለሚስቴ ጣት መላ ይፈልጉ ብላቸው ‹አንተ ሱሪ ስፋ እንጂ ጣት ልትሰፋልኝ አትችልም› ብለው ቀለዱብኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ላደርስ ስገባ...»

«ደግመህ አልገባህም?»

«ወላሂ አልገባሁም!»

መሪማ አማቿ ሲምል ሰምታ አንገቷን ደፋች።

«አንቺስ?» አለች ኣብርሄት ወደ ጁዋይሪያ ዞራ።

«ከሰዓት እስከ ማታ ሆቴል ነበርኩ፤ አለቃዬን ጠይቂያት። እጄንም እዪው።» መዳፏን ዘረጋች። «የተላጠ እንቁላል ነው የሚመስለው።»

ወደ ቤት ሲገቡ መሪማ ዝም ብላ መቆም ቢያቅታት ሻሂ ቀዳች፤ ብርጭቆውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ለመርማሪዋ አቀበለች።

«የቐንየለይ፣ ኣደይ» ብላ አመሰገነች ኣብርሄት። «እርስዎስ የት ነበሩ?»

«ከልጅቱ ጋር። የት እሄዳለሁ ብለሽ?»

ነጠላው ተንሸራተተ። ኣብርሄት የአሮጊቷን እጅ አየች። «እንሶስላው ያምራል። ሰርግ አለ እንዴ?»

«የለም... ለብርድ ነው፣ ልጄ።»

ኣብርሄት ሻሂውን አስቀመጠች። ወደ ጓሮ ተመልሳ በማጉያ መስታወት ብዙ ቆየችና ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ኢኽላስ የመሪማን ጉልበት ተደግፋ ቆመች።

«ከሽማግሌው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አገኘሁ» አለች ኣብርሄት። «አንዱ ትናንት ጠዋት የጻፉት ደብዳቤ ነው። ‹የዚህች ሴት ጣት በሥራ ብዛት መስመሩ ጠፍቷል፤ በምስክርነቴ ትታለፍ› ይላል። ሁለተኛው የጁዋይሪያ ስም ያለበት ቅጽ ነው፤ ዐሥሩም ጣት ጥርት ብሎ ወጥቷል። ጠዋት የሌለ መስመር ከሰዓት አይበቅልም። ስሙም የተጻፈው በሽማግሌው እጅ አይደለም።»

ኢንድሪስና ጁዋይሪያ ተያዩ።

«የመስኮቱ መቀርቀሪያ ላይ የአውራ ጣት ቀለም አለ፤ ከቅጹ ጋር አንድ ነው። እንግዲህ መስኮቱን የዘጋው ቅጹ ላይ አሻራውን ያስነሳው ሰው ነው። ቀለሙ ደግሞ በአንድ ቀን አይለቅም። ዒድ አልደረሰ፣ ሰርግ የለ፤ ልጅ ይወሰድብኛል ብሎ የሚያለቅስ ቤት ውስጥ የጣቷን ጫፍ ብቻ እንሶስላ የሞቀች አንዲት ሴት አየሁ።»

«እማ?» አለች ጁዋይሪያ።

መሪማ የኢኽላስን ትከሻ ያዘች። «አሻራዬ ለዋስትና ነው የሚፈለገው ብዬ... ዋሸኋቸው። እሳቸው ማተሙን እንጂ ሌላ አያውቁም። ጣቴ በቀለም እንደተነከረ ሰው በግቢው አለፈ። በስተርጅናዬ እንደ ሌባ ስታተም እንዳያዩኝ ብዬ ዘጋሁት። እሳቸውም ሳቁብኝ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ቅጹ ላይ የልጄን ስም ጻፍኩና እንዳልቀሰቅሳቸው በሩን ቀስ አድርጌ ገጠምኩ። መስኮቱን ረሳሁት፣ ልጄ። ረሳሁት።»

«ጠዋት ሲገኙ ግን አስታወሱት። እኔ አማችዎን ስጠረጥረው ዝም አሉ።»

«አፈርኩ።»

ኢንድሪስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ደብዳቤው ብቻውን ይበቃ ነበር» አለች ኣብርሄት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬ ሽማግሌው ራሳቸው ይዘውት ሊሄዱ ነበር። በካርቦን ስለጻፉት ግልባጩ ለእኔ ይበቃኛል። ይኸው፣ ጁዋይሪያ። አምስት ሰዓት አልፏል።»

ጁዋይሪያ ወረቀቱን በእነዚያ ልሙጥ ጣቶቿ ተቀበለች። የኢኽላስን ሹራብ ቆለፈችላት፤ ከመሪማ ጉልበት አላቅቃ አዘለቻት።

«አያቴስ?» አለች ልጅቱ ከጀርባዋ ላይ ዞር ብላ።

መሪማ የቀላ እጇን ልትዘረጋ አነሳችና መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ጁዋይሪያ ወደ እናቷ ሳታይ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ወጣች።