ያልታጠበው ስለት

ቢላ ሠሪው ከምሳ በኋላ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። በቀኝ እጁ በጨው ውሃ የራሰ ጥጥ ጨብጧል፤ ግራው ከአንድ ስለት አልተላቀቀም። አጠገቡ በገዛ እጁ የገጣጠመው፣ ስለት ላይ በኮረንቲ ምልክት የሚያወጣ የጣውላ ሣጥን ነበር። ክፍሉ ወዲያው ታሸገ።

በማግስቱ ጠዋት የመጣችውን መርማሪ ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። የጣቢያው ፖሊስ ግን ቸኩሏል፤ እስከ ቀትር ሚስትየዋን ይዞ ሊሄድ ነው። የሣጥኑን ሽቦ የገዛችው እሷ ናት፤ ባሏ አብሮት በሚሠራው እጀታ ሠሪ ሰበብ ይቀናባት እንደነበርም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

መርማሪዋ ሣጥኑን ከፈተች። የግድግዳውን ኮረንቲ የሚያደክመው ትራንስፎርመር ከመስመር ወጥቶ ሽቦው በቀጥታ ተቀጥሏል። ቅጥያው የተጠቀለለበትን ፕላስተር ላጠችው፤ ሙጫው ላይ ጥቁር ብናኝ ነበር።

ሚስትየዋ ወጥ ቤት ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። የባሏን ሽርጥ ጉልበቷ ላይ አጥፋ፣ ጠርዙን በጣቷ ታስተካክላለች። እንደነገረቻት፣ ባሏ ትናንት ረፋድ ላይ ሣጥኑን ጨርሶ እሷን፣ ታናሽ ወንድሙንና እጀታ ሠሪውን ጠርቶ ነበር። ትራንስፎርመሩን በካቻቢቴ እየጠቆመ፣ ይሄ ባይኖር ሰው ይገድላል አላቸው። ከዚያ ቁራጭ ብረት ላይ ምልክቱን አወጣ፤ ጨዉ ብረቱን እንዳይበላው እሷ ባመጣችው ሶዳ አጥቦ ዘይት ቀባው። ምሳ በልቶ ጋደም ሲል እሷ ዕቃ ታጥብ ነበር። ምስክር የላትም።

«ይቀናብሽ ነበር ይላሉ።»

«ይቀና ነበር። ሲቀና ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል።» ሽርጡን እንደገና አጠፈች። «ትናንት ጠዋት ሁለት ማንኪያ ጨምሯል።»

ቅንድቡ ድረስ የእንጨት ብናኝ የለበሰው እጀታ ሠሪ ምሳውን ግቢ ውስጥ ብቻውን እንደበላ ተናገረ። ሟቹ ጋሼው ማዕዳቸው ላይ አይወዱትም ነበር። ብረቱ በሶዳ ሲታጠብ ሳህኑን የያዘው ግን እሱ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎም እጀታ የሚጠብቁትን አሥር ስለቶች ራሱ ወልውሎ፣ ጅራታቸውን ሳይቀር ዘይት ቀብቶ በወረቀት ጠቅልሏል።

ብረቱን የሚቀጠቅጠው ታናሽ ወንድም ነው፤ «ፍሙ» ይሉታል። ከምድጃው ቀና ሳይል ተቀበላት።

«ቀስ በቀስ ነው አሉ ስምዎ። እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ ልንጠብቅ ነው?»

«ሣጥኑን ነክተው ያውቃሉ?»

«እኔ የማውቀው እሳት ነው። ለኮረንቲ እጄን አልዘረጋም።»

«ሲያሳያችሁ እስከ መጨረሻው አዩ?»

«ምን የሚታይ አለ? የእሱ ምልክት ወጣ፣ የእሱ ብቻ። አሥራ አምስት ዓመት እኔ እቀጠቅጣለሁ፣ እሱ ይፈርማል። በሩን ወርውሬው ሄድኩ።» መዶሻውን አነሳ። «ይልቅ እትዬን ይጠይቁ። ወንድሜን በቅናት ስታነደው የኖረችው እሷ ናት።»

መርማሪዋ ወደ ታሸገው ክፍል ተመልሳ አሥሩን ስለቶች አንድ በአንድ ፈታች። ዘጠኙ እንደ መስታወት ያበራሉ። የአንዱን ጅራት ስታይ ብዙ ቆየች።

ከቀትር በፊት ሦስቱም ጠረጴዛውን ከበቡ፤ ፖሊሱ በሩ ላይ ቆመ። ስለቱን መሐላቸው አስቀመጠችው። እጀታ በሚገባበት ጅራት ላይ ትንሽ መዶሻ ተቀርጾ፣ ዙሪያውን ዝገት ወሮታል።

«ትናንት ጠዋት ይህ ስለት ንጹሕ ነበር» አለች። «ቢላ ሠሪው ከሞተ በኋላ ደግሞ ክፍሉ ታሽጓል። ስለዚህ መዶሻው የወጣው በምሳ ሰዓት ነው። ጠርዙ አልተቃጠለም፤ ትራንስፎርመሩ ያኔ ቦታው ነበር ማለት ነው። ሞት የተጠመደው ከዚያ ወዲህ ነው።»

«መዶሻ ስለሆነ የኔ ነው?» አለ ፍሙ። «መዶሻ ማንም ይስላል።»

«ልክ ነዎት፤ ማንም ይስላል። ማንም ግን እንዲህ አያዝገውም። ሟቹ ቢሆን ያጥበው ነበር። ሶዳውን ያመጣችው እሷ፣ ሳህኑን የያዘው እሱ፤ ሁለቱም ሲታጠብ አይተዋል። መታጠቡን የማያውቀው ተቆጥቶ የወጣው ሰው ብቻ ነው። በፕላስተሩ ሙጫ ላይ ያለው የከሰል ብናኝ ብቻ ቢሆን ነፋስ አመጣው ይሉኝ ነበር። ለኮረንቲ እጄን አልዘረጋም ያሉኝ ግን እርስዎ ነዎት።»

ፍሙ ስለቱን አየው። ለመንካት ጣቱን ዘርግቶ መለሰው።

«እጀታ ሲገባበት ማንም አያየውም ነበር» አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ የራሴን ላየው ብዬ ነው። አየሁት፤ ያምራል። ሳየው ጊዜ እንጨት ሥር መቀበሩ አንገበገበኝ። ትራንስፎርመሩን ያኔ አወጣሁት።»

ፖሊሱ ከበሩ ተነሥቶ፣ ሚስትየዋን አልፎ ወደ እሱ መጣ። እጁ ላይ ካቴና አጠለቀለት። ሚስትየዋ የታጠፈውን ሽርጥ ከክንዷ ወደ ክንዷ አዛወረች።

«ሶዳው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር» አለችው። «ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር።»